«መልሱ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት፦ ስንት መልስ አለ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሚድ ፈተና ሲቃረብ በጀመዓችን ለፍሬሽ ተማሪዎች የሒሳብ ቱቶሪያል ይዘጋጃል። አልሐምዱሊላህ፣ ሲኒየሮች ከራሳቸው የጥናት ሰዓት ቀንሰው ታናናሾቻቸውን ማስጠናታቸው ትልቅ ኸይር ነው። ይህን ሥራ የማጣጣል ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን ቱቶሪያሉ የሚሄድበት መንገድ መስተካከል አለበት ብዬ አምናለሁ። ለዚህም አንድ ርዕስ ብቻ ይዤ እከራከራለሁ። ርዕሱ ሁላችንም ከሃይስኩል ጀምሮ የምናውቀው ነው፦ የሊኒየር ኢኩዌሽኖች ሲስተም፣ ማለትም አብረው መፈታት ያለባቸው የእኩልታዎች ስብስብ።

የተለመደው አካሄድ ይህ ነው። አንድ የድሮ ፈተና ሽት ይወጣል። ሦስት እኩልታዎች ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። ወዲያው ዲተርሚናንት ይሰላል፣ ክራመርስ ሩል ይገባል፣ መልሱ ይወጣል። ተማሪው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይይዛል። ፈተናው ላይ ቁጥሮቹ ብቻ ተቀይረው ከመጡ ይሠራዋል። ዲተርሚናንቱ ዜሮ ከሆነ ግን እጁ ይታሰራል። አንዱ ስሌቱን የተሳሳተ መስሎት ከመጀመሪያው ይደግማል። ሌላው «መልስ የለውም» ብሎ ያልፋል። ሦስተኛው ከምርጫዎቹ አንዱን ያከብባል። ሦስቱም አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ ይህ ነገር ስንት መልስ አለው?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። «ስንት መልስ አለው?» የሚለው በርዕሱ መጨረሻ ላይ እንደ ልዩ ሁኔታ የሚነሳ ነገር መሆን የለበትም፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነው። ይህን ያላስለመደ ቱቶሪያል ቢበዛ አንድ ፈተና ያሻግራል።

ችግሩ ከቋንቋችን ራሱ ይጀምራል። «መልሱ ስንት ነው?» ስንል፣ በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» ሳናስበው ሁለት ነገር ወስናለች፤ መልስ እንዳለና አንድ ብቻ እንደሆነ። «መልሱን ፈልጉ» የተባለ ተማሪ አንድ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ይሆናል። ዕቃው መኖሩን አይጠራጠርም፤ አንድ ካገኘም ፍለጋውን ያቆማል። እኩልታዎች ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገቡልንም።

ወደ ጣና ዳር እንሂድና በዓሣ እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሰው ሁለት ቆሮሶና አንድ አምባዛ በ500 ብር ገዛ። ጓደኛው ከዚያው ሻጭ አንድ ቆሮሶና አንድ አምባዛ በ350 ብር ገዛ። የአንዱን ቆሮሶ ዋጋ «ቆ»፣ የአንዱን አምባዛ ዋጋ «አ» ብንል፦

2ቆ + አ = 500
ቆ + አ = 350

ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስንቀንስ ቆሮሶው 150 ብር፣ አምባዛው 200 ብር ይሆናል። ሌላ አማራጭ የለም። አንድ መልስ ብቻ ያለው ሁኔታ ይህ ነው።

አሁን የጓደኛውን ግዢ እንቀይር። አራት ቆሮሶና ሁለት አምባዛ በ1,000 ብር ገዛ እንበል።

2ቆ + አ = 500
4ቆ + 2አ = 1,000

እዚህም ሁለት እኩልታ፣ ሁለት ያልታወቀ ቁጥር አለ። ነገር ግን ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ነው፤ አዲስ የነገረን ነገር የለም። ቆሮሶው 100፣ አምባዛው 300 ሊሆን ይችላል። 150 እና 200፣ ወይም 120 እና 260 ቢሆንም ይስማማል። የመልሱ ብዛት መጨረሻ የለውም።

አንድ ጊዜ ደግሞ እንቀይረው። አራት ቆሮሶና ሁለት አምባዛ የተገዛው በ900 ብር ነው እንበል።

2ቆ + አ = 500
4ቆ + 2አ = 900

የመጀመሪያው እውነት ከሆነ እጥፉ 1,000 መሆን ነበረበት፤ የተባለው ግን 900 ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስማማ ዋጋ የለም። መልስ የለም ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚያልፈው ነገር አለ። «መልስ የለም» ራሱ ወሬ ይዟል። ስሌቱን ስንጀምር ሻጩ ለሁለቱም ሰዎች በአንድ ዋጋ ሸጠ ብለን ነበር። መልስ መጥፋቱ ያ ግምት ትክክል እንዳልሆነ ነገረን። ምናልባት ብዙ ለገዛው ቀንሶለታል፣ ምናልባት ዓሣዎቹ በመጠን ይለያያሉ፣ ምናልባት ከሁለቱ አንዱ የከፈለውን በትክክል አላስታወሰም። የትኛው እንደሆነ እኩልታው አይነግረንም፤ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ግን ይናገራል። ይህን ሳያይ በግድ አንድ ቁጥር ያወጣ ሰው ማስጠንቀቂያውን ደፍኖታል።

ተማሪ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ። ለምን ዜሮ፣ አንድ ወይም ስፍር ቁጥር የሌለው ብቻ ሆነ? ሁለት ብቻ ወይም ሰባት ብቻ መልስ ያለው ሲስተም ለምን አይኖርም? ምክንያቱ አጭር ነው። 2ቆ + አ = 500 ለሚለው (100፣ 300) እና (150፣ 200) ሁለቱም ይሆናሉ። የሁለቱን አማካይ ውሰዱ፤ ቆሮሶ 125፣ አምባዛ 250። እጥፍ 125 ሲደመር 250፣ ይኸው 500። አማካዩም መልስ ሆነ። ከዚያ የአማካዩንና የአንዱን አማካይ መውሰድ ይቻላል፤ እንዲህ እያለ አያልቅም። በሊኒየር ኢኩዌሽን ሁለት የተለያዩ መልሶች ካሉ፣ በሁለቱ መካከል በቀጥታ መስመር ላይ ያለው ሁሉ መልስ ነው። ስለዚህ ሁለት ከተገኘ ስፍር የለውም። ይህን ያወቀ ተማሪ ሦስቱን ሁኔታዎች በቃል መያዝ አያስፈልገውም፤ ከምክንያቱ ያወጣቸዋል።

ይህ ጥያቄ ከእኛ ታሪክም ሩቅ አይደለም። በየፕሮግራማችን ባነር ላይ የአል-ኸዋሪዝሚን ስም እንጽፋለን። አልጀብራ የሚለው ቃል በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከጻፈው መጽሐፍ ርዕስ፣ «አል-ጀብር» ከሚለው ቃል እንደመጣ በኩራት እንናገራለን። የመጽሐፉ አንድ ትልቅ ክፍል ስለ ወሲያና ስለ ውርስ ክፍፍል ስሌት መሆኑንም ብዙዎቻችን እናውቃለን። ኩራቱ ባይከፋም ስም መጥራት ብቻውን ፈተና አያሳልፍም፣ አእምሮም አያሰላም። የሚጠቅመው የጠየቁትን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ለዛሬው ርዕሳችን ደግሞ ከአል-ኸዋሪዝሚ ይልቅ የሚቀርበን ከእርሱ በኋላ የመጣው አቡ ካሚል ሹጃዕ ኢብን አስለም ነው።

አቡ ካሚል የምስር ሰው ነበር፤ እዚሁ ከአጠገባችን ከጣና የሚወጣው ዓባይ የሚደርስባት አገር ማለት ነው። የኖረው በግምት እ.ኤ.አ. ከ850 እስከ 930 ነው። ከጻፋቸው ሥራዎች አንዱ «የአዕዋፍ መጽሐፍ» የሚባል ትንሽ ኪታብ ነው። ርዕሱ ስለ ወፎች ቢመስልም ነገሩ ሒሳብ ነው፦ በ100 ዲርሃም የተለያየ ዋጋ ያላቸውን 100 አዕዋፍ ግዛ፤ ከየዓይነቱ ስንት ትገዛለህ?

በመግቢያው ላይ ለምን እንደጻፈው ይናገራል። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በዘመኑ በሊቁም በተራውም ሰው ዘንድ ይዘወተር ነበር። ሰዎች ግን በግምት አንድ መልስ ይሰጡና ያበቁ ነበር። እርሱ አንዱን ጥያቄ ይዞ ቢቆጥር 2,676 መልስ አገኘ። ይህን ሲናገር ሰዎች ተደነቁ፤ አንዳንዶቹም አላመኑትም። ስለዚህ አንዱ ጥያቄ አንድ መልስ፣ ሌላው ብዙ መልስ፣ ሌላው ምንም መልስ እንደሌለው በሥርዓት ለማሳየት ጻፈው። ከ1,000 ዓመት በፊት የተነሳው የአቡ ካሚል ቅሬታና ዛሬ በቱቶሪያላችን ያለው ችግር አንድ ነው፦ አንድ መልስ አግኝቶ ማቆም።

ከጥያቄዎቹ አንዱን እንሥራ። አንድ ዳክዬ 5 ዲርሃም፣ አንድ ዶሮ 1 ዲርሃም፣ 20 ድንቢጥ በ1 ዲርሃም። በ100 ዲርሃም 100 አዕዋፍ። ዳክዬውን «ዳ»፣ ዶሮውን «ዶ»፣ ድንቢጧን «ድ» እንበል። ሁለት እኩልታ አለን፤ አንዱ የቁጥሩ፣ አንዱ የገንዘቡ። ያልታወቁት ግን ሦስት ናቸው። የቁጥሩን እኩልታ ከገንዘቡ ስንቀንስ ዶሮው ይወጣና 80ዳ = 19ድ ይቀራል። 80 እና 19 የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ወፎቹ ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ድንቢጦቹ በ80 የሚካፈሉ መሆን አለባቸው። ከ100 የማይበልጠው 80 ብቻ ነው። እንግዲህ 80 ድንቢጥ፣ 19 ዳክዬ፣ 1 ዶሮ። ሌላ መልስ የለም።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ያስቆመኛል። ቅድም ዜሮ፣ አንድ ወይም ስፍር የሌለው ብቻ ነው ብዬ አልነበረም? ታዲያ 2,676 ከየት መጣ? ሦስት ያልታወቁ ቁጥሮችን በሁለት እኩልታ እንዴት አንድ መልስ ላይ ማድረስ ተቻለ? የሁለቱም ምላሽ አንድ ነው። ግማሽ ዳክዬ አይገዛም። አቡ ካሚል የሚቀበለው ከዜሮ በላይ የሆነ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። የአማካዩ ክርክር የሚሠራው ማንኛውንም ቁጥር ስንቀበል ነው፤ የ3 እና የ4 አማካይ ሙሉ ቁጥር አይደለምና።

ዋጋውን ቀይሬ የራሴን ጥያቄ ልጨምር። ዳክዬው 3 ዲርሃም፣ 3 ዶሮ በ1 ዲርሃም፣ 20 ድንቢጥ በ1 ዲርሃም ይሁን። ቢሞከር 25 ዳክዬ፣ 75 ዶሮ፣ ዜሮ ድንቢጥ ብቻ ይወጣል። ታዲያ መልስ አለው ወይስ የለውም? ከየዓይነቱ ቢያንስ አንድ ግዛ ከተባለ የለውም። ዜሮም ይቆጠራል ከተባለ አንድ አለው። የመልሱ ብዛት የሚወሰነው ምንን እንደ መልስ እንደምንቀበል አስቀድመን ስንወስን ነው። ይህን ሳይወስን የሚሰላ ሰው ስለ ምን እንደሚሰላ ገና አላወቀም።

አሁን ወደ ፈተናችን እንመለስ። ሦስት እኩልታ እንውሰድ፦

ሀ + ለ + መ = 6
ሀ + 2ለ + 3መ = 14
2ሀ + 3ለ + 4መ = 20

ብዙ ተማሪ «ሦስት እኩልታ፣ ሦስት ያልታወቀ፤ አንድ መልስ» ይላል። ሦስተኛው ግን የሁለቱ ድምር ነው፤ ስለዚህ የምር ያሉት እኩልታዎች ሁለት ናቸው። «መ» የፈለግነውን ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ለ = 8 − 2መ፣ ሀ = መ − 2 ይሆናል። መልሱ ስፍር የለውም፤ ግን እያንዳንዱ መልስ በዚህ አጻጻፍ ውስጥ ይገኛል።

በመጨረሻው መስመር 20 የነበረውን 21 ብናደርገው ምንም መልስ አይኖርም። ልብ በሉ፣ እኩልታዎቹን ሁለት ሁለቱን ብታነጻጽሯቸው ምንም ጠብ የላቸውም። ጠቡ የሚታየው ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። በሦስተኛው መስመር 4መ የነበረውን 5መ ብናደርገውና ውጤቱን 23 ብንለው ደግሞ ሀ = 1፣ ለ = 2፣ መ = 3 ብቻ ይወጣል። በዓይን ሲታዩ ሦስቱ ሲስተሞች ወንድማማች ይመስላሉ፤ የመልሳቸው ብዛት ግን ለየቅል ነው።

መለያው መንገድ አንድ ነው፤ ኢሊሚኔሽን። መስመሮቹን እየቀናነስን ወደ ደረጃ መልክ እናወርዳለን። ሲያልቅ 0 = 1 ዓይነት መስመር ከወጣ መልስ የለም። ካልወጣ፣ ዜሮ ያልሆኑትን መስመሮች እንቆጥራለን፤ ይህ ቁጥር ራንክ ይባላል። ራንኩ ካልታወቁት ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ አንድ መልስ አለ። ካነሰ ስፍር የለውም፤ የጎደለው ያህል ቫሪያብል ነፃ ነው። ራንክ ማለት በቀላሉ «አዲስ ነገር የሚናገሩት እኩልታዎች ስንት ናቸው?» ማለት ነው። ይህ ሕግ በአንዳንድ መጻሕፍት የሩሼና የካፔሊ፣ በሩሲያ መጻሕፍት ደግሞ የክሮኔከርና የካፔሊ ቲዎረም ይባላል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን አንዱ መነሻ የሆነው ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ስም በአሮጌ መጽሐፍ ላይ ያገኘ ተማሪ ሌላ ነገር እንዳይመስለው።

የክራመርስ ሩል ነገርም መነገር አለበት። ዲተርሚናንቱ ዜሮ ካልሆነ አንድ መልስ አለ። ዜሮ ከሆነ «አንድ ብቻ አይደለም» ከማለት ውጭ አይናገርም። ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፍ አንድ የተሳሳተ ሕግ አለ፦ «ሁሉም ዲተርሚናንቶች ዜሮ ከሆኑ መልሱ ስፍር የለውም»። ይህ ለሦስት ቫሪያብል አይሠራም። ማስረጃው ይኸው፦ ሀ + ለ + መ = 1፣ ሀ + ለ + መ = 2፣ ሀ + ለ + መ = 3። አራቱም ዲተርሚናንቶች ዜሮ ናቸው፤ አንድ ድምር ግን በአንድ ጊዜ 1ም 2ም 3ም ሊሆን አይችልም። መልስ የለውም። ይህን ሕግ በሽቱ ላይ ጽፎ ያስተላለፈ ሁሉ ከኋላው ለሚመጣው እንቅፋት አስቀምጧል።

«ይህ ለሒሳብ ዲፓርትመንት ተማሪ ካልሆነ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። የኤሌክትሪካል ተማሪ በአንድ ሰርኪዩት ባሉ መገናኛዎች ሁሉ ላይ የከረንት እኩልታ ቢጽፍ፣ አንዱ ሁልጊዜ ከሌሎቹ የሚወጣ ትርፍ ነው። ያንን ሳያውቅ ከቆጠረ «እኩልታዬ ሞላ» ብሎ ይሸወዳል። የኬሚስትሪ ተማሪ ሪአክሽን ባላንስ ሲያደርግ ሳያውቀው ስፍር የለሽ መልስ ካለው ሲስተም ጋር እየሠራ ነው። 2 ሃይድሮጂን ከ1 ኦክስጅን ጋር 2 ውሃ ይሰጣል፤ 4፣ 2፣ 4 ቢባልም ይመጣጠናል። ትንሹን ሙሉ ቁጥር የምንወስደው እኛ ስለተስማማን ነው፤ እኩልታው አላስገደደንም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ከደጃችን ያለው ሐይቅ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ዋና ዋናዎቹ ገባሮቹ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ውሃው የሚወጣው በዓባይ በኩል፣ በጫራጫራ ግድብ እየተመጠነ፣ እንዲሁም በዋሻ ወደ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ነው። የቀረው ይተናል። የሐይቁ ሒሳብ አንድ መስመር ነው፦ ዝናብ ሲደመር የወንዞች ውሃ፣ ሲቀነስ ትነት፣ ሲቀነስ የሚወጣው ውሃ፣ እኩል ይሆናል የሐይቁ ለውጥ።

ከነዚህ ውስጥ የሐይቁ ከፍታ ይለካል፤ ዝናብና የትልልቅ ወንዞች ፍሰትም ይለካል። ሁሉም ጅረት ግን መለኪያ የለውም፤ ትነትም በቀጥታ ተቀድቶ አይለካም። ስለዚህ በአንድ እኩልታ ውስጥ ሁለት ያልታወቁ ነገሮች ይቀራሉ፤ ያልተለኩት ጅረቶች ውሃና ትነቱ። ያልተለካውን ውሃ በ100 ብትጨምሩ፣ ትነቱንም በ100 ብትጨምሩ፣ ሒሳቡ እንደገና ይዘጋል። በ300 ብታደርጉትም ይዘጋል። «ሒሳቡ ተመጣጠነ» ማለት ትክክለኛው ቁጥር ተገኘ ማለት አይደለም። አንዱን ለመያዝ ሌላ ራሱን የቻለ እኩልታ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ትነቱን ከፀሐይ፣ ከሙቀት፣ ከንፋስና ከእርጥበት መረጃ ለብቻው መገመት።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጣና ውሃ በጣም ወርዶ የጀልባ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። የዝናብ ማነስም፣ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀ ውሃም በምክንያትነት ተነስተዋል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሰው በእጁ ያለው የሐይቁ መውረድ መጠን ብቻ ቢሆን ጥፋቱን ለሁለቱ እንዴት ያካፍላል? አንድ እኩልታ፣ ሁለት ያልታወቀ። «ሁሉም የዝናቡ ነው» ያለውም «ሁሉም የተለቀቀው ውሃ ነው» ያለውም ሒሳቡን ይዘጋዋል። የሚለያቸው ሌላ መረጃ እንጂ የድምፃቸው ጉልበት አይደለም። ነገ ውሃ ቢሮ፣ ግብርና ወይም ኃይል ማመንጫ ገብተን ሪፖርት የምንጽፈው እኛው ነን። ከስፍር የለሽ መልሶች አንዱን መርጠን «ይህ ነው» ብለን ከጻፍን የሚጎዳው ከማርክ በላይ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ባለ ጀልባውና ገበሬው በዚያ ቁጥር ይተዳደራሉ።

«ስፍር መልስ የለውም» ማለት «አላውቅም» ማለትም አይደለም። «ላ አድሪ» ማለት በቦታው የዓሊም አደብ ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው። ለ = 8 − 2መ ብሎ የጻፈ ሰው መልሶቹን አንድ ሳይቀር ያውቃቸዋል። የማያውቀው አንዱን ለመምረጥ ምን ተጨማሪ መረጃ እንደሚያስፈልግ ያልለየው ነው።

የሚነሳብኝን ዋና ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ፍሬሽ ተማሪ ጊዜ የለውም፤ ከውጤት በታች የወረደ ከግቢ ይሰናበታል፤ ፍልስፍና ሳይሆን ማርክ ነው የሚያስፈልገው። ጭንቀቱ እውነት ነው፤ ቤተሰብ ተስፋ አድርጎ የላከው ልጅ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሒሳቡን እንሥራ። ለሦስት ቫሪያብል ክራመርስ ሩል አራት ዲተርሚናንት ያስቆጥራል። የመጀመሪያው ዜሮ ከሆነ መንገዱ እዚያው ያልቃል፤ ተማሪው እንደገና በሌላ መንገድ መጀመር አለበት። ኢሊሚኔሽን ግን ብዛቱንም መልሱንም በአንድ ጉዞ ያወጣል። ምርጫ ጥያቄ ላይ «መልስ የለውም» እና «ስፍር የለሽ መልስ አለው» የሚሉት ፊደላት ለማሳመር የተቀመጡ አይደሉም። ስለዚህ ብዛቱን አስቀድሞ መጠየቅ ጊዜ ይቆጥባል፣ ማርክም ያመጣል።

ስለዚህ ቱቶሪያል ለሚሰጡ ወንድሞችና እህቶች ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም ሲስተም ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ከስሌቱ በፊት ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ ያልታወቁት ስንት ናቸው? እኩልታዎቹ ስንት ናቸው? ምን ዓይነት ቁጥር ነው እንደ መልስ የምንቀበለው? ከኢሊሚኔሽን በኋላ ደግሞ አዲስ ነገር የሚናገሩት እኩልታዎች ስንት ሆኑ?

ሁለተኛ፣ በምናባዛቸው ወርክሺቶች ላይ ሦስቱም ዓይነት ተደባልቀው ይግቡ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነም አይጻፍ። ሁሉም ጥያቄ አንድ መልስ ያለው ወርክሺት ተማሪውን ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ አለው ብሎ እንዲያምን ያሠለጥነዋል።

ሦስተኛ፣ የተገኘ መልስ ወደ ሁሉም የመጀመሪያ እኩልታዎች ተመልሶ ይግባ። ወደ አንዱ ብቻ አይበቃም። መልሱ ስፍር የለሽ ከሆነም ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ተሰጥተው ይፈተሹ።

ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ አዳራሽም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰሌዳው ፊት የቆመው ሲኒየር «መልሱ ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ «ስንት መልስ ያለው ይመስላችኋል?» እንዲል ነው። መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል። ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ኢንሻአላህ ጥያቄውን ከእርሱ ቀድመው የሚያነሱት ተማሪዎቹ ይሆናሉ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ለሚድ ለምትዘጋጁ ሁሉ አላህ ያግራላችሁ።